ከቶሪኖ የመጣው ሳጥንና እጅ የሚስመው ሲልቪዩ

ለማትጠገቢው እህቴ ለቪዮሪካ፣

እንደምን ከረምሽ እታለም? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምታስታምሚያቸው ሲኞራ አሁንም ሌሊት እየጠሩ ያስነሱሻል ወይስ ትንሽ ራሩልሽ? ባልሽ ኦክታቭስ ከጭነት መኪናው ወርዶ ቤቱ የሚያድርበት ቀን አገኘ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ጎመኑን ለክረምት በርሜል ከትተነዋል፣ አዲሱ የወይን ጠጅም ጠርቷል። እኔ ግን ሰሞኑን ሰላም አልነበረኝም።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማማ ጓዳ ሆና ስለምትሰማ ነው። እማማ ከሰማች ደግሞ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይሰማል። ስለዚህ ጥቅል የሚያመላልሰው የሚኒባስ ሹፌር ይዞልሽ ይምጣ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ከላክሽልን ሳጥን ነው። አንቺ ምን አደረግሽ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ፊልም እዩ ብለሽ ነው የላክሽው። የሸጠልሽ ሰውዬ ግን ሩት አድርጎታል፤ ማለትም ፋብሪካው የቆለፈውን ከፍቶ እንደፈለገ ሲነካካው ኖሯል። የፊልሙ አፕ ደግሞ ቁልፉ የተሰበረ ሳጥን መሆኑን ሲያውቅ «በዚህ መሣሪያ ላይ አልሠራም» ብሎ ድርቅ ይላል። ሚስቴ ሩክሳንድራ ያን ተከታታይ ፊልሟን ልታይ ጓጉታ ነበርና ፊቷ ጥቁር አለ። «ሲልቪዩን ጥራው» አለችኝ። እኔው በእግሬ ሄጄ ጠራሁት፣ አይገርምሽም?

ሲልቪዩን ታውቂዋለሽ፣ የፖስታ ቤቷ የአውሬሊያ ልጅ ነው። ከስፔን ሚስቱን ፈትቶ፣ ሽቶውን ይዞ ተመልሷል። ለሴት ሰላምታ ሲሰጥ «እጅሽን እስማለሁ» ማለትማ ማን የማይል አለ? ለቄሱ ሚስትም እንላለን፣ ለዳቦ ሻጯም እንላለን፤ አፋችን ይላል፣ እጃችን ኪሳችን ውስጥ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ጎንበስ ብሎ ይስማል! በገዛ ቤቴ፣ ዓይኔ እያየ! ሩክሳንድራም ተሽኮረመመች። ከዚያ በጎመን የጠቀለለችውን ሥጋ፣ ሳርማሌውን፣ ከነክሬሙ በሠርጋችን ሳህን አቀረበችለት። እኔ ከእንጨት መሰንጠቂያው ደክሜ ስገባ የሚቀርብልኝ ድስቱ ራሱ ነው።

ሥራውን ግን ያውቅበታል፣ አልዋሽሽም። ሩት መደረጉን ከአፑ ደበቀውና ፊልሙ መጣ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ አፑ አፕዴት ሆነና እንደገና ነቃበት። እንደገና ሲልቪዩ፣ እንደገና ሽቶ፣ እንደገና እጅ መሳም። እንዲህ እያልን በጋው አለፈ። እሱ የሚመጣ ቀን ኢሊዬ መጠጥ ቤት አልሄድም። ተላጭቼ፣ አንቺ የላክሽልኝን ሹራብ ለብሼ መሀላቸው እገተራለሁ። ሲሄድም የረሳሁት ዕቃ አለ ብሎ እንዳይመለስ ፊልሙ እስኪያልቅ ከሩክሳንድራ ጎን አልነቃነቅም። ማን ማንን እንደከዳ እየጠየቅኳት፣ እየነገረችኝ እናመሻለን። እማማ ታዲያ «አንተ ልጅ፣ ቅናት ሊደፋህ ነው። ሰውዬው የሚነካካው ሳጥኑን ነው እንጂ ሚስትህን አይደለም» ትለኛለች። ቅናቱስ ይበላኝ ነበር እታለም።

በመጨረሻ ራሴ ልማረው ብዬ ተነሳሁ። መሰንጠቂያው ቤት በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ግን ቻልኩት! ሩቱን ከአፑ ደበቅኩ፣ አፑ የያዘውን ትዝታ ሁሉ ጠረግኩ፣ የድሮውን አፕ መልሼ ጫንኩ፣ በራሱ አፕዴት እንዳያደርግም ዘጋሁት። ፊልሙ ቁልጭ ብሎ መጣ። ሩክሳንድራ «ጎበዝ» ብላ ድንች ልትልጥ ገባች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ኢሊዬ ጋ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በየማታው እዚያው ነኝ። ምን ልፈራ? ሲልቪዩ ደጃፌን አይረግጥም።

ባለፈው ሐሙስ ስገባ ግን ያ ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ተገትሯል፤ «በዚህ መሣሪያ ላይ አልሠራም»። አፑ ታድሷል። በራሱ እንዳይታደስ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እማማ ሪሞቱን ይነዝረኛል ብላ አትነካም። ታዲያ ማን ቀረ? ደሜ ፈላ። «ሲልቪዩ ናፍቆሽ ነው አይደል? ጠግኜ ስጨርስ ታበላሺዋለሽ! ቅዳሜ ሻንጣሽን አንጠልጥዬ እናትሽ ቤት ነው የማደርስሽ!» አልኳት። የምሬን ነበር፣ ሻንጣውንም ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄዋለሁ።

አልደነገጠችም እኮ! እጇን በሽርጧ አደራረቀችና እንዲህ አለችኝ፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ። በጋውንም ሁሉ እኔ ነበርኩ። ሲልቪዩ ምኔ ነው? ሽቶው ራሴን ያመኛል። ግን እሱ የሚመጣ ቀን አንተ ቤትህ ታመሻለህ። ትላጫለህ፣ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ታወራኛለህ። ሌላውን ቀን ባል ያለኝም አይመስለኝ። አሁን ደግሞ መጠገን ተማርክና ያችኑ ቀን ነጠቅከኝ»።

ሻንጣውን መልሼ ሰቀልኩትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷም አለቀሰች።

ሳጥኑ እስከ ዛሬ አልተጠገነም። ብነካው ድንች እስኪበስል አይፈጅብኝም፣ ግን ለሩክሳንድራ «በጣም ከባድ ብልሽት ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ልሠራው ነው» አልኳት። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አይዞህ፣ አትቸኩል» አለችኝ። ኢሊዬ ሞተህ ነው ወይ ብሎ ሰው ልኮብኛል።

ለኦክታቭ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ደብዳቤውን ግን አታሳዪው፣ መሳቂያ ያደርገኛል። ልጅሽን ኢሊንካን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለሲኞራም ጤና ይስጥልን በይልኝ። እማማ የጉልበት ቅባት እንዳትረሺ ብላለች። ሩክሳንድራም ትስምሻለች፤ አሁን ሶፋው ላይ ሆና «ና እንጂ፣ ዛሬ አትጠግንም እንዴ?» እያለችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ።

ወንድምሽ ኔኩላይ
ፖያና ኑቺሎር፣ ባካኡ
ኖቬምበር 19 ቀን 2023