የግራዝማች ጠና በኩር ልጅ

ሺንሺቾ፣ ጥር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሳህሉ፣

ጋሼ ብዬ ስጠራህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አምስት ዓመት ትበልጠኛለህ፤ ግን እናቴ እልፍነሽ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ጋሼ አይባልም» ስላለችኝ በስምህ ብቻ እየጠራሁህ አደግሁ። አባታችን ግራዝማች ጠና ይህን እየሰሙ አንድ ቀን እንኳ አላረሟትም።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁንም ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፤ እስከ በሩ ሄጄ እመለሳለሁ።

ሆሳዕና፣ አውራጃ ጽሕፈት ቤት የቆምንበትን ቀን አንተም አልረሳኸውም። አባታችን ካረፉ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ግራዝማችነቱ መንግሥት ለእሳቸው የሰጣቸው ማዕረግ ስለሆነ አብሯቸው ተቀብሯል። ባላባትነቱ ግን ከአያታችን የወረደ ነውና ለበኩር ልጅ መተላለፍ ነበረበት። ሹሙ የአገር ሽማግሌዎቹን «በኩር ልጃቸው ማን ነው?» ሲሉ ከመካከላቸው አቶ ወንዳፈረው ተነሱ።

«ሳህሉ ነው። እናቱን፣ የሙዱላዋን ሸክላ ሠሪ ትርፊትን፣ ግራዝማች በሥርዓት አላገቧትም፤ ግን ልጄ ነው ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል» አሉ።

ሹሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድምህ ነው?»

እጄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነበር።

«በቤታችን ያደገ ሰው ነው እንጂ ወንድሜ አይደለም» አልኩ።

ባርኔጣህን አንስተህ ወጣህ። በመስኮት ተከትዬ አየሁህ፤ መንገዱን ስትሻገር አንድ ጊዜም ዞር አላልክም።

ከዚያ ወዲህ ካባ ደርቤ በአባታችን ወንበር ተቀመጥኩ። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እጅ ይነሳኛል። እኔ ግን አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። ባለጉዳይ እየተናገረ በመሃል ተነስቼ እወጣለሁ። ጸሎት ቤት «ተገኘ፣ ጸሎት አድርግልን» ሲሉኝ ለሌላ ሰው አሳልፌ እቀመጣለሁ። «ወንበሩ የሳህሉ ቢሆን እናቴ የት ትወድቅ ነበር?» እያልኩ ሰበብ ስፈልግ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ወር አቶ ወንዳፈረው ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ እንዳሉ ትክ ብለው አዩኝ።

«ያን ቀን ጠዋት ሳህሉ ያለንን ነግሬህ አላውቅም» አሉ።

«ምን አለ?»

«‹ባላባትነቱን ተገኘ ይውሰደው። ልጃቸው መሆኔ ብቻ ይነገርልኝ፤ ከዚያ ለእሱ እለቃለሁ› አለ። የሚፈርምበትን ወረቀት እንኳ አስጽፎ ይዞ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጊዜ ሰጠኸን?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወንበርህን የቀማሁህ መስሎኝ ነበር ስጨነቅ የከረምኩት። ወንበሩንማ ልትሰጠኝ ነው የመጣኸው። የቀማሁህ አባትህን ነው።

በማግስቱ በሹፌሩ በሀሰን የጭነት መኪና ሆሳዕና ሄድኩ። ሹሙን «በሐሰት ምያለሁ፤ ሳህሉ ታላቅ ወንድሜ ነው» አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ባላባትነቱ እንደሚታገድ ታውቃለህ? ልትከሰስም ትችላለህ።»

«አውቃለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ጀግና ሆኜ ግን እንዳይመስልህ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ልብሷን ሸክፋ አንጋጫ እህቷ ዘንድ ሄደች። ክሱ ገና አልተወሰነም። ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኛል።

የቃሌን ግልባጭ አብሬ ልኬልሃለሁ። ማኅተም ያረፈበት ነው፤ ስምህን «ሳህሉ ጠና» ይላል። ሀሰን አዲሎ ጭነት ስታራግፍ እንዳየህ ነግሮኛል፤ ይህንንም የሚያደርስልህ እሱ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ አዲሎ እመጣለሁ። ብትሰድበኝ እሰማለሁ። ከዚያ ግን ሙዱላ፣ እናትህ ዘንድ እንድትወስደኝ እለምንሃለሁ፤ ያን ቀን በአንድ ቃል እሷንም ነው ያዋረድኳት። እምቢ ካልክ መንገዱን እየጠየቅኩ ብቻዬን እሄዳለሁ። ደጇ ላይ ቆሜ የማንን ልጅ እንደወለደች ጎረቤቶቿ እየሰሙ እናገራለሁ።

ታናሽ ወንድምህ
ተገኘ ጠና