የኋላው በር

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፤ የሰው ፊት አይክበድሽ። እኛ ደህና ነን። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ያልኩትን ሳታሳምር ጻፍ ብዬዋለሁ።

ወንድምሽ ወደ ግንባር ሲሄድ ጀምሮት የተወውን ትልቁን የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ ያንን የወታደር ማመላለሻ፣ መርዶው ከመጣ ወዲህ የምገጣጥመው እኔ ነኝ። ማንበብ ባልችልም የመመሪያው ስዕል ይበቃኛል። አንዱን ሞተር ገልብጬ ለጥፌው ነበር፤ ሰው ሳያይብኝ ነቀልኩት። ክንፉ ጠረጴዛውን ስለያዘው ምግባችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። ቤቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል ይሉኛል፤ እኔ አይሸተኝም። አላለቀስኩም።

የቀረው ወታደሮቹ የሚገቡበት የኋላው በር ብቻ ነው። ትናንት ዘግቼ ልለጥፈው ስል እናትሽ እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁ በየት ይወርዳል?»

«ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው» አልኳት።

«አጣሁት እንዴ! ተወው።»

ተውኩት። ልብስ ሰፊው «አባባ፣ ክፍት ከቀረ አቧራ ይገባዋል» ይለኛል። ይግባው።

ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ስትደውዪ እናትሽን «አውሮፕላኑ አለቀ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት።