የታረመችው አበባ

እሑድ፣ መጋቢት 14፣ ጠዋት 2፡30
ዛሬም አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ ደብተሬ። በእግር። በሰፈራችን በሽኩና ዳሌት የጋራ አትክልት ቦታ በኩል አለፍኩ። ስንዴው ዛላ አውጥቷል። በመሐሉ ያቺ ሐምራዊ አበባ! ድሮ የስንዴ ማሳ ሁሉ የእሷ ነበር አሉ፤ ፀረ አረሙ ጨረሳት። አስተባባሪዋ ሩቲ ስንቱን ለምና ካገኘችው እፍኝ ዘር ነው ያበቀለቻት።

ስለ አበባዋ የሰሌዳ ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቼላታለሁ። ስሕተት እንዳይኖርበት አባባ ተገኘ ይዩት ተባለ። የጎንደር ገበሬ ናቸው፣ ፊደል ጠንቅቀው የቆጠሩ፤ የአትክልቱ ቦታ ቁልፍም በእጃቸው ነው። እየሮጥኩ ደወልኩ። «አባባ፣ ያቺን የስንዴዋን ነገር አይተው ይረሙልኝ።» «እሺ ልጄ፣ ነገ በማለዳ።»

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16፣ ከሰዓት
ጉድ ስሚ! ታረመ። ሰሌዳው አይደለም፤ ማሳው! አንዲት አበባ የለችም። ስንዴው እንደ ተበጠረ ፀጉር ቆሟል። አባባ ደስ ብሏቸዋል። «ምነው እስከዛሬ ዝም አላችሁ? ዘሩ ዱቄት ውስጥ ቢገባ ዳቦው ይመር ነበር!» ሳቄ መጣ።

ሩቲ ደረሰች። ቁጢጥ ብላ የጠወለገውን ክምር ታገላብጣለች። አበባዋ ገና ዘር አልያዘችም ነበር፤ ለከርሞ የለችም ማለት ነው። ሩቲ ተነሥታ «ከእንግዲህ እዚህ አይገቡም» ብላ ቁልፉን ጠየቀቻቸው። ሰጡ። ዕብራይስጡ ፈጥኖባቸዋል፤ ምን አለች አሉኝ።

ደክሟታል አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18
ለምጽፍበት የአማርኛ መጽሔት ታሪኩን ጽፌ ጨረስኩ። ያስቃል፦ ሽማግሌው ብርቅ አበባ ነቀሉ። ለልጄ አነበብኩላት። አልሳቀችም። «ኢማ» አለችኝ፣ እማዬ ማለቷ ነው በዕብራይስጥ፣ «በታሪኩ ውስጥ አንቺ የት አለሽ?»

የትም የለሁም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያረሙት በእጃቸው ነው፣ እኔ በእስክሪብቶ። ቃሉ አንድ። «ወረቀቱን» ማለት ምን ያቅተኝ ነበር?

ዓርብ፣ መጋቢት 19፣ ጠዋት 1፡00
አባባ ከተቆለፈው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሩቲ ቁልፉን ልታስቀርጽ የወሰደችው መስሏቸዋል። «ቆየች እኮ» አሉኝ፣ «ስንዴው ውሃ ይፈልጋል።»

ጽሑፉን አስቀረሁት፤ አዘጋጁ ይኮሳተር። ሩቲን ለ3 ሰዓት ቀጥሬያታለሁ፣ እዚያው በሩ ላይ። አባባ ባሉበት። መጀመሪያ ለእሳቸው በአማርኛ፣ ከዚያ ለእሷ በዕብራይስጥ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ፦ ያሳረምኩት እኔ ነኝ።