ብርቄ፣ የገፋሽው ድንበር ጸደቀልሽ

ብርቄ፣ የኔ ጌጥ፣

ከተለያየን ሁለተኛው በረዶ ቀለጠ። ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም፤ ካለሽበት ሕመም የለም። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ባልሽ ነኝ፣ ማንንም አላስጻፍኩም። ማታ ማታ ፊደል ስቆጥር ከርሜ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ተማሪዎቹ አራት ብቻ ነን፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረችው ይመስላል የሚሉኝ አሉ። ቅናት ነው።

አሁን ወሬውን ልንገርሽ። ከጓሯችን ቀጥሎ ያለችው የስቬን እርሻ፣ በኩሽናው መስኮት እያየሽ ስትመኛት የኖርሽው፣ ልትሸጥ ሆነ። ሽማግሌው ጉልበቱ ከድቶት እዚሁ ቬስቢ ከተማ አረጋውያን ቤት ሊገባ ነው። ልጁ ደግሞ ጠጠር አፍስሼ የማሽን ማቆሚያ አደርጋታለሁ ይላል። እኔ እያለሁ አይሆንም አልኩ።

አገር ቤት ልንሠራበት ያስቀመጥነውን ገንዘብ አወጣሁ። ወንድሜ ደውሎ፣ ሰው አገሩ ቤት ይሠራል፣ አንተ በረዶ ትገዛለህ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ሚስቴ ያረፈችው እዚህ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

መሬት ቀያሹ ድንበሩን ሊለካ የመጣ ቀን ስቬንና ልጁ ቆመው ነበር። እኔ መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሚስቴ እኮ በሰው መሬት ላይ ጥላዋን እንኳ አትጥልም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አፌን ሳልዘጋ ቀያሹ የነጭ ሽንኩርትሽን ቅጠል በእግሩ ገለጥ አደረገ። የድንበሩ ድንጋይ መደቡ መሃል ቁጭ ብሏል። ለካ መደቡን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከድንጋዩ አሳልፈሽ ወደ ስቬን መሬት ስትገፊ ኖረሻል። በአገራችን ለዚህ ስንት ሰው በዱላ ተፈናከተ፣ ብርቄ። የነፋሁትን ደረቴን መልሼ ሰበሰብኩ።

ልጁ ፊቱ ቀላ፣ ለሌባ አንሸጥም አለ። ሽያጩ ያበቃለት መሰለኝ። ስቬን ግን ምርኩዙን ተደግፎ ይስቃል። አውቃለሁ፣ በየጸደዩ እዚያ ስደርስ ማረሻዬን አንስቼ እዞርላት ነበር፣ ኪራዩንም በጎመን ከፍላኛለች አለ። ወደ ልጁ ዞሮም፣ ከሷ በቀር ይህችን መሬት እንዲህ የፈለጋት ሰው አላየሁም፣ ለባሏ ትሸጣለች አለ። ልጁ እስካሁን ሰላም አይለኝም። አንድ ቀን ይለኛል፤ ጎመን እየላክሁለት ነው።

የፊርማው ዕለት ልጃችን ሊያ እንደ ድሮው ልትፈርምልኝ ብዕሩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ስሜን ራሴ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሰዎቹ ጠበቁኝ። ሊያ በስዊድንኛ አንድ ነገር ብላ ፊቷን አዞረች። እያለቀሰች ነበር።

ነጭ ሽንኩርትሽ ሳይነቀል ቀርቶ እንደገና በቅሏል። ከሱ ወዲያ ጎመንና ጤና አዳም እተክላለሁ፣ ወገቤ ቢያምም ባያምም። ሊያ፣ ድንጋዩን እናውጣው፣ አካፋ ይሰብራል ትላለች። እምቢ አልኳት። እዚያው አትክልቱ መሃል ይኖራል። እንግዳ መጥቶ ይህ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ብርቄ ከዚህ ተነስታ እስከዚያ ደረሰች እለዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምሽ ሳይነሳ በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም። ስለ ራሴ የማላወራውም እዚያ ድንጋይ አጠገብ ስቆም ብቻ ነው።

ባልሽ