ወይራው ያልለቀቃቸው፦ ዶክተር ህሩይ ገብረ ኢየሱስ

ዶክተር ህሩይ ከአባታቸው ከየኔታ ገብረ ኢየሱስ ዓለምነው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሩፋኤል ሙሉቀን በ1961 ዓ.ም. በጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም ዳዊት የደገሙትም ካህንና የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ዘንድ፣ በደብሩ ግቢ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ነው። የኔታ ከዚያ ዛፍ ሥር ጭራሮ እንኳ ሲለቀም አይወዱም ነበር።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በመካነ ብርሃንና በጎንደር ተከታትለው አዲስ አበባ ላይ በኬሚስትሪ ተመረቁ፤ ዶክትሬታቸውንም ይዘው ጎንደር በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተቀጠሩ። በ1991 ዓ.ም. ከወ/ሮ ይርገዱ ምንዳዬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሕሊናንና ምስጢርን ወልደዋል።

ልባቸውን የወሰደው ሥራ ዕፅዋትን አየር በማይገባበት ምድጃ አክስሎ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ የካርቦን ቅንጣት ማውጣት ነበር። ቅንጣቱ የውሃን ቆሻሻ ስቦ ያስቀራል፤ ከውጭ የሚመጣው ግን ዋጋው የገጠር ሰው የሚችለው አልነበረም። እሳቸው በደጃችን ከሚበቅል ነገር ካልሠራሁት ብለው ሙጭጭ አሉ። ወ/ሮ ይርገዱ «ዶክተር አገባሁ ስል ከሰል አክሳይ ቤት ገባሁ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አባታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነፋስ የጣለውን የወይራውን ቅርንጫፍ አገኙ። የወደቀ ነው፣ ማን ይቀየመኛል ብለው ቆራርጠው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። የኔታ አዩና «ምነው ህሩይ? የታቦቱን እንጨት ለእሳት?» አሉ። ውሃ ሊያጠራ እንደሆነ ቢያስረዱም አልሰሟቸውም። ሲሰናበቱ እንደ ወትሯቸው «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው ጎንበስ ቢሉ፣ የኔታ መስቀላቸውን ሳያነሡ ፊታቸውን አዞሩ። እንጨቱ ጎንደር ምድጃ ውስጥ ሳለ መርዶ መጣ፤ የኔታ ዐርፈው ነበር።

ከወይራው የወጣው ዱቄት እስከዚያ ከሠሩት ሁሉ በለጠ፤ የጎንደሩን የቀሐ ወንዝ ድፍርስ ውሃ ኩልል አደረገው። ባልደረቦቻቸው በደስታ ሲተቃቀፉ እሳቸው ዱቄቱን በጠርሙስ አሽገው ቆለፉበት። ከዚያ ወዲህ የገብስ ገለባም ያክስሉ የቡና ገለፈት፣ ምድጃው በተከፈተ ቁጥር ወይራ ይሸታቸው ነበር። ዞር ሲሉም ጀርባውን የሰጠ ሰው በሩ ላይ የቆመ ይመስላቸዋል። «ይርገዱ፣ አይሸትሽም?» ይላሉ፤ ለወ/ሮ ይርገዱ ምንም አይሸታቸውም።

ይፈሩ ነበር፤ ሥራውን ግን አልተዉም። ተነቀለ ተብሎ ማንም የማያዝንለትን ተክል ፈለጉ። ከጣና ዳር የሚነቀለውን እምቦጭ እያስጫኑ ዓመታት ደከሙና በ2012 ዓ.ም. ከወይራው የማያንስ ዱቄት፣ በርካሽ ወጣላቸው። ዛሬ ከደብሩ በታች ያለው የምንጭ ውሃ የሚጣራው በእሱ ነው።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሲደክሙ፣ ታናሽ ወንድማቸው ቀሲስ መዝሙር የአባታቸውን መስቀል ይዘው መጡ። «አያ ህሩይ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሏቸው። ተሳለሙና «ያንተስ ደረሰኝ፤ የሳቸው ነው የቀረኝ» አሉ። ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ያ ጠርሙስ ተከፍቶ አያውቅም። በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ ከእሳቸው ጋር ወደ ደብሩ ተመልሷል። አምላክ ነፍሳቸውን ከአባታቸው ነፍስ ጋር ያገናኝልን። ቤተሰቡ እናንተን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከፍትሐቱ በኋላ ዱቄቱ ከወይራው ሥር ሲፈስስ ዝም አትበሉ። የኔታ ሳይመልሱላቸው የቀሩትን እናንተ መልሱላቸው። እግዚአብሔር ይፍታህ በሏቸው።