ሁለተኛው ጥሪ

ለወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከመንደራችን ከሮቢት ሙቀትና ከሽማግሌዎቿ ምክር በቀር የከፋ ነገር የለብንም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሲጻፍ ግን ይጎላል።

በቅድሚያ አንድ ከባድ ወንጀል በክብር እናዘዛለሁ፦ የቆለፍከውን ሳጥንህን በእማ የሽንኩርት ቢላ ከፍቻለሁ። ቢላው ጎብጧል። እማ የምትጠረጥረው ጎረቤታችንን እትዬ ጠይባን ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ከጎርፉ በኋላ ነቅለህ ያስቀመጥካት ትንሿ ኮምፒውተር አለች። ሮቢ ወንዝ ዳር ስታቆማት ባትሪ እንድትቆጥብ ትተኛ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ የውሃ መለኪያው በገመድ መልእክት ይልክላትና ነቅታ ጡሩምባ ትነፋለች። ችግሩ ፍየሎች በገመዱ ጀርባቸውን ባከኩ ቁጥርም መንቃቷ ነው። የጋሽ አሊዪን የጫት በርጫ ስታደፈርስባቸው «ጅኒ ሰፍሮባታል!» ብለው ዱዓ አስደረጉባት። ጅኒው አልወጣ ሲል እኔን በማንጎ ደለሉኝ።

ወንድሜ፣ የገመዱ መልእክት የሚገባባትን በር፣ የሲሪያል ፖርቷን መቀስቀሻ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ናት፤ «ፍቀድ» የሚለውን «ከልክል» አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን ሮቢ ሞልቶ መጣና የሽንኩርቱን ማሳ ከነጋሽ አሊዪ ፓምፕ ጠርጎ ሄደ። መንደሩ «የአንተ ኮምፒውተር ተኝታ አስፈጀችን» ሲልህ አንገትህን ደፋህ። እኔ የማንጎ ፍሬ እየመጠጥኩ ከዳር ቆሜ አየሁህ። በሳምንቱ ከደላላው ጋር ወደ ባሕሩ ሄድክ።

ክረምቱ ሳይገባ ላስተካክላት ስድስት ቀን ታገልኩ። ለካ ለፖርቷ ብቻ መፍቀድ አይበቃም፤ ከበላይዋ ላለው መቆጣጠሪያም መፍቀድ ያስፈልጋል፤ እንደ ቀበሌያችን ሁለት ማህተም ትፈልጋለች። በመጨረሻ ነቃች! ግን መለኪያው «ውሃ» ብሎ ሲልክ የደረሳት «ሃ» ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል እሷን ስትቀሰቅስ ጠፍታ ቀረች። ጋሽ አሊዪ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ፦ «አንቺ ሞኝ፣ በመጀመሪያ ጥሪ አቤት የሚል ማን አለ? ጅኒ ቢሆንስ? ሁለቴ ጥሪያት!» መለኪያው ሁለቴ እንዲጠራት አደረግሁ። ሠራች። እሳቸው ልክ መሆናቸው ከጎርፉ ይብሳል።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ለፊተኛው ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም፤ መቀስቀሻ ነበር ብዬ ቆጠርኩት። ይሄ ሁለተኛው ነው።

አብሮህ ሄዶ ከመንገድ የተመለሰው ረድዋን ጫማህን ይዞ መጣ። ለእማ የሆነ ነገር ሲነግራት ጆሮዬን ደፈንኩ። ሐሙስ ዕለት ቤታችን ሰደቃ ወጣ፤ ከነዚያ ገመድ አካኪ ፍየሎች ሁለቱ ታረዱ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጫማህን ጠርጌ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።

ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።

አላህ ባለህበት እንቅልፍህን የሰላም ያድርገው፤ ስትቀሰቀስም በመልካም ድምፅ ይሁን።

ማንጎ የበላችው እህትህ

እማ ከጓዳ ጠራችኝ። የመጀመሪያው ስለሆነ አቤት አላልኩም። አሁን በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው።

«ናጅዋ! ለማን ነው የምትጽፊው?»