የጥንቅሽ አውሮፕላን

ሰኞ፣ ኅዳር 21 ቀን 1957
ከትምህርት ቤት መጣሁ። ልብስ አጠብኩ። ሌላ ነገር የለም... አለ እንጂ። ሳጥን ስበረብር አባባ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ሳሉ የተነሡትን ፎቶ አገኘሁ። አጠገባቸው ባለ ድርብ ክንፍ አሮጌ አውሮፕላን ቆሟል። አሳንሼ ብሠራውስ? ከገና በፊት ላለው የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን... ሴቶች ጥልፍ ነው የምናቀርበው። ማን ይከለክለኛል? የእጅ ሥራ አስተማሪያችን መምህር ጀምበሩ ይከለክሉኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24
መጠኑ ከየት ይገኛል? አባባን መለኪያ አደረግኳቸው። ፎቶው ላይ ቁመታቸውን በክር ለካሁ። ክንፉ ስድስት አባባ ሆነ። በእኔ ሥራ አንድ አባባ አሥር ሳንቲሜትር ነው። ነገርኳቸው።
"ኮፍያዬንም ቆጥረሻል?"
ቆጥሬያለሁ። እንደገና ለካሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 26
የጎረቤታችን የሹፌሩ የጋሽ ዓሊዩ ልጅ ኩብራ ከበደሳ ከተማ ገበያ የመጣ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ይዛ መጣች። ልጆች መጫወቻ የሚሠሩት በደረቅ የማሽላ አገዳ ነው። ጥንቅሹ ግን ወፍራም፣ ቀጥ ያለ... እሱን መረጥኩ። ቅርፊቱ ለአጥንት፣ ውስጡ ለገላ።
"ኮቱ፣ ነይ፣ መጀመሪያ እንብላው" አለች ኩብራ። "አውሮፕላን ከሆነ በኋላ አይበላም።"
የተረፈውን መጠጥነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 4... አይደለም፣ 6
ክንፉን በዱቄት ሙጫ ወረቀት አለበስኩት። ጋሽ ዓሊዩ ከመኪናቸው የተረፈ ቀለም በጣሳ ሰጡኝ፤ ብርማ ነው። እስኪደርቅ መቀመጥ አቃተኝ። ሄጄ ነካሁት። አሻራዬ ቀረበት። ደግሜ ቀባሁ። ደግሜ ነካሁ። ለምን አልታገሥም?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14
አስረከብኩ። መምህር ጀምበሩ አገላብጠው አዩትና "የወንድምሽ የመኮንን ነው?" አሉ። ዝም አልኩ... "መኮንን፣ ስምንተኛ ክፍል" ብለው ጻፉበት።
ቤት ስደርስ ለመኮንን ነገርኩት።
"እኔ አልዋሸሁም" አለ እየሳቀ። "አንቺም አልዋሸሽም።"
እውነቱን ነው። ታዲያ ለምን እንዲህ ያቃጥለኛል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 15
ዝም ማለት ውሸት ነው?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 17
ኤግዚቢሽኑ። ወላጆች ሞልተዋል፤ አባባም አሉ። መምህር ጀምበሩ አውሮፕላኑን አንሥተው ሊያሳዩ ሲሉ ክንፉ እጃቸው ላይ ተቀነጠሰ። ከውስጡ ጉንዳን ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ።
"መኮንን፣ ከምን ሠራኸው?"
"ከ... ከእንጨት።"
ይባስ ብለው ሳቁ። መኮንን አንገቱን ደፋ።
እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም። "ጥንቅሽ ነው" አልኩ። "ይጣፍጣል፣ ለዚህ ነው ጉንዳን የገባበት። ደረቅ አገዳ መሆን ነበረበት። የሠራሁት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።"
መምህር ጀምበሩ ጉንዳኑን ከእጅጌያቸው እያራገፉ ትክ ብለው አዩኝ።
"ጥልፍሽስ?"
"የለኝም።"
"መጠኑ ግን ትክክል ነው" አሉ አባባ ከኋላ። "መለኪያው እኔ ነበርኩ።"


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 22
ጥልፍ ስላላቀረብኩ ለእጅ ሥራ ዜሮ ተሰጠኝ። ይሁን። ዜሮው የራሴ ነው።
ጠዋት ስም ተጠራ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድምፄ አልወጣ እያለኝ፣ "አይናዲስ" ሲባል "አለች" የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ኩብራ ናት። ዛሬም አፏን ከፈተች... ቀደምኳት።
"አለሁ።"
ዞራ አየችኝ።
"ሥራ አስፈታሽኝ" አለች በቀስታ።